ምዕራፍ ስድስት፦ ዘፈኑን መንገድ ላይ ምን ነካው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው ላይ ሙዚቃ የሚከፍት ሰው ድምፁ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚከሰው ስፒከሩን ነው። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ጥርት ብሎ የሚሰማው ክራር መኪና ውስጥ በብሉቱዝ ሲከፈት በጨርቅ ተሸፍኖ የሚመታ ይመስላል። ጭብጨባው ይሻክራል፣ ከበሮው ይድበሰበሳል፣ መሐል ላይ ደግሞ ዘፋኙ ትንፋሽ ያጠረው ይመስል ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ጉዞው ወደ መኪና ዕቃ መሸጫው ወደ ሶማሌ ተራ ነው። አዲስ ስፒከር ይገዛል፣ የበሩ ሽፋን ይፈታል፣ ስፒከሩ ይገጠማል። ድምፁ ግን ያው ነው።

ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ጥፋት የለበትም። ዘፈኑ በሩ ውስጥ ካለው ስፒከር ከመድረሱ በፊት ግማሽ ደርዘን ያህል እጅ ይቀያየራል። መተግበሪያው ይከፍተዋል፣ ስልኩ ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ የሬዲዮ ሞገድ ይሸከመዋል፣ ቴፑ ይፈታዋል፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀይረዋል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። (ካሴት ከጠፋ ዓመታት ቢቆጠሩም ለመኪና ድምፅ ማጫወቻ «ቴፕ» የሚለው ስም አልለቀቀም፤ ይህ ምዕራፍም በዚያው ይጠራዋል።) ከእነዚህ እጆች አንዱ ቢሰርቅ ወይም ቢያፈስ የመጨረሻው ተሸካሚ፣ ማለትም ስፒከሩ፣ የተረከበውን ከማስረከብ ውጪ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከፍላሽ ነው። ባለቤቱ አጥርቶ የሚያውቀው አንድ ዘፈን፣ ስልኩ ላይ ያለው ያው ፋይል ራሱ፣ ፍላሽ ላይ ይገለበጥና በቴፑ ዩኤስቢ በኩል ይከፈታል። ዩኤስቢ ከሌለ በገመድ፣ በአክስ በኩል ይሞከራል። በፍላሽ ጥርት ብሎ ከወጣ አምፕሊፋየሩም ስፒከሩም ነጻ ወጡ፤ ችግሩ ያለው ስልኩ ውስጥ፣ ከስልኩ እስከ ቴፑ ባለው አየር ላይ፣ ወይም በቴፑ የብሉቱዝ ክፍል ውስጥ ነው። በፍላሽም ከተበላሸ ብሉቱዙ በሐሰት ተከሷል ማለት ነው። ቀጥሎ የጓደኛ ስልክ ከዚያው መኪና ጋር ይገናኛል፤ የእሱ ጥሩ ከሆነ የሚመረመረው የመጀመሪያው ስልክ ነው። ሁለቱም ካልተሳካላቸው የሚመረመረው ቴፑ ይሆናል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚህም በፊት መጣራት ያለበት አንድ ነገር አለ። ለመሆኑ መኪናው በእርግጥ ብሉቱዝ አለው?

ጥያቄው የሚያስቅ ይመስላል። ከተማው ውስጥ በሚርመሰመሱት አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ውስጥ ግን «ብሉቱዝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ፣ የአውራ ጣት የምታክል ኤፍኤም ማሰራጫ ናት። ስልኩ በብሉቱዝ ዘፈኑን ለእርሷ ይሰጣታል፤ እርሷ ደግሞ እንደ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ሆና በኤፍኤም ታሰራጨዋለች፤ ቴፑ እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይይዛታል። ዘፈኑ ሁለት ጊዜ አየር ላይ ይወጣል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ብዙም አያስከፋም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በሁለተኛው ላይ ነው።

ኤፍኤም ስቴሪዮ ከተፈጥሮው ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያስተላልፍም፤ 19 ኪሎኸርዝ ላይ ለራሱ ምልክት የሚሆን ድምፅ ስለሚያስቀምጥ ከዚያ በታች መቆም አለበት። ይህ ብቻ ቢሆን ጆሮ አይጨነቅም ነበር። ዋናው ችግር ጉልበት ነው። እነዚህ ማሰራጫዎች እጅግ ደካማ እንዲሆኑ ተደርገው ይሠራሉ። ለምሳሌ የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ፈቃድ የማያስፈልገው መሣሪያ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ከ250 ማይክሮቮልት በሜትር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በሌላ በኩል ሸገር በ102.1፣ ፋና በ98.1፣ ኤፍኤም አዲስ በ97.1 ከተማውን በሙሉ በሚያዳርስ ኃይል ያሰራጫሉ። ማሰራጫዋ 98.3 ላይ ከተቀመጠች ከአጠገቧ ያለው ግዙፍ ጣቢያ ይጫናታል፤ ዘፈኑ ሥር ሥሩን ዜና ይሰማል፣ ወይም የማያቋርጥ ሽሽታ ይለብሳል።

መፍትሔው ባዶ ቦታ መፈለግ ነው። ማሰራጫዋን ነቅሎ ቴፑን በኤፍኤም ላይ ማዞርና ከሽሽታ በስተቀር ምንም የማይሰማበትን፣ ግራና ቀኙም ቢያንስ ግማሽ ሜጋኸርዝ ያህል ጸጥ ያለ ቁጥር መያዝ። ቦሌ ላይ ባዶ የነበረው ቁጥር አዳማ ሲደረስ ሰው ሊኖርበት ስለሚችል ሁለተኛ ቁጥር በኪስ መያዝ አይከፋም። አንቴናው ወደ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ከሩቅ የሚመጡት ጣቢያዎች ይዳከማሉ፣ ከመቀመጫው አጠገብ ያለችው ማሰራጫ ግን አሁንም ትሰማለች።

ከጃፓን ገበያ የመጡ መኪኖች ሌላ እንቆቅልሽ አላቸው። በጃፓን ኤፍኤም የተመደበለት ቦታ ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ በዚያ የተሠራ ቴፕም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ማሰራጫዋ ደግሞ በተለምዶ ከ87.5 እስከ 108 ትሠራለች። ሁለቱ የሚገናኙት በሁለት ሜጋኸርዝ ተኩል ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ብቻ ነው። አንዳንዱ መኪና ላይ የአገሩን ጣቢያዎች ወደ ጃፓኑ ክልል ዝቅ አድርጎ የሚያመጣ ትንሽ ሣጥን ከአንቴናው ገመድ ጋር ይቀጠላል፤ ያን ጊዜ ቴፑ ላይ የሚታየው ቁጥርና ማሰራጫዋ ላይ ያለው ቁጥር አይመሳሰሉም። ባለቤቱ ይህን ካላወቀ ማሰራጫዋ ተበላሽታለች ብሎ ሌላ ይገዛል። ሁለተኛዋም አትሰማም።

ቴፑ የራሱ ብሉቱዝ ያለው ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ሌላ ነው።

ብሉቱዝ ለድምፅ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ለስልክ ጥሪ፣ ሌላው ለሙዚቃ። የጥሪው በር ጠባብ ነው። በቀድሞው አሠራር ድምፁን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፤ እንዲህ ሲሆን ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለ ነገር አያልፍም፤ ግራና ቀኝ የሚባል ነገርም የለም። አዲሱ በ16,000 ይለካል፤ እሱም ከ8 ኪሎኸርዝ አይዘልም። ለንግግር ይበቃል፤ ለማሲንቆ ግን እስር ቤት ነው። የሙዚቃው በር በአብዛኛው 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ ያሳልፋል።

ዘፈን በድንገት ከስልክ ቀፎ ውስጥ የሚወጣ ከመሰለ በጥሪው በር ገብቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማይክሮፎኑን ይዞ ያልለቀቀ መተግበሪያ ነው፦ በወጉ ያልተዘጋ የኢንተርኔት ጥሪ፣ ድምፅ መቅጃ፣ በድምፅ የሚታዘዝ ረዳት። ጎግል ማፕስም መንገድ ሲመራ ድምፁን እንደ ስልክ ጥሪ አድርጎ እንዲያጫውት የሚያዝ ቅንብር አለው። መተግበሪያዎቹን ዘግቶ በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ የመኪናውን ስም መክፈትና «ሚዲያ» የሚለው መብራቱን ማየት ነው። «ጥሪ» ብቻ በርቶ «ሚዲያ» ጠፍቶ ሲገኝ ባለቤቱ በራሱ ይስቃል።

አሁን ብዙ ወሬ ወደሚወራበት ወደ መጭመቂያው እንምጣ። ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሴኮንድ 44,100 ልኬት፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሲሆን 1,411,200 ቢት ይወጣዋል። ይህን ሁሉ በብሉቱዝ ያለ እንከን ማሳለፍ ስለሚከብድ ስልኩ ዘፈኑን ጨምቆ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የብሉቱዝ ሙዚቃ ደንብ ሁሉም መሣሪያ እንዲችለው ያስገደደው መጭመቂያ ኤስቢሲ ይባላል። ድምፁን በተለምዶ ስምንት ቦታ ይከፍለዋል፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ። ከዚያ ያለውን ቢት ለስምንቱ ያካፍላል። ጥሩ ኮታ ሲሰጠው፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 328 ኪሎቢት ሲደርስ፣ አብዛኛው ሰው ጉድለቱን አይለይም። 229 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ከላይ ያሉት ቀጫጭን ክፍሎች ይራባሉ። ይህን ለመስማት ከጽናጽል የተሻለ ፈታኝ የለም። ከበሮና ጽናጽል ያለበት ዝማሬ ተከፍቶ የጽናጽሉ ቅጭልታ አንድ በአንድ መሰማቱን ትቶ ወደ አሸዋ ማንሿሸት ከተለወጠ ኮታው አንሷል።

ከኤስቢሲ ሌላ ብዙ መጭመቂያ አለ። አይፎን ከኤስቢሲ ሌላ ኤኤሲን ይጠቀማል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች በሴኮንድ 352 ኪሎቢት የሚልከው አፕቴክስም፣ የሶኒው ኤልዳክም አላቸው፤ ኤልዳክ እስከ 990 ይደርሳል። ሻጮች ስለዚህ 990 አብዝተው ይናገራሉ። የሚዘነጋው ነገር መጭመቂያው ስምምነት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። አንዱ አማርኛና ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛና ትግርኛ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ስልኩ ኤልዳክን ቢያውቅ፣ ቴፑ ካላወቀው ሁለቱ ወደሚችሉት ወደ ኤስቢሲ ይመለሳሉ። ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የመጡ ብዙ ቴፖች ደግሞ ከኤስቢሲ፣ ግፋ ቢል ከኤኤሲ አያልፉም።

አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው የትኛው እየሠራ እንደሆነ ማየት ይችላል። ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ሲነካ የገንቢዎች ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ የብሉቱዝ ድምፅ መጭመቂያው ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ሌላ መርጦ ቴፑን ማስገደድ ግን አይቻልም። እንደ ሚዛናዊ ፍርድ ከሆነ ደግሞ መጭመቂያው ከሚወራበት ያነሰ ጥፋተኛ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ተራ መኪና ውስጡ ከጎማና ከነፋስ ብቻ ወደ 70 ዴሲቤል ይጮኻል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ በጥሩ ኤስቢሲና በኤልዳክ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ ብርቅ ነው።

ከዚያ ይልቅ ዘፈኑ ስልኩ ጋ ሲደርስ ምን መስሎ እንደደረሰ መጠየቅ ያዋጣል። ስፖቲፋይ ዝቅተኛው ጥራቱ በሴኮንድ 24 ኪሎቢት ገደማ ነው፤ ከፍተኛው ጭምቅ 320። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ሲሆን «ዳታ ቆጣቢ» የሚለው ቁልፍ በርቶ ከሆነ ሰውየው ሳያውቅ ከታችኛው ላይ ይቀመጣል። ፓኬጅ ለመቆጠብ ያበራው፣ ከዚያ የረሳው ብዙ ነው። ከቪዲዮ ተነቅሎ ኤምፒስሪ የሆነ፣ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ዘፈንም አለ። ስሙ ላይ 320 ተብሎ ቢጻፍም መጀመሪያ 128 ሆኖ ከተጨመቀ አይመለስም፤ ቅባቱ የወጣለትን ወተት ትልቅ እንስራ ውስጥ ቢገለብጡት ቅቤ አይወጣውም። ብሉቱዙ ይህንኑ የተጨመቀ ዘፈን ፈትቶ እንደገና ይጨምቀዋል፤ ድካም በድካም ላይ። ከአሮጌ ካሴት የተቀዳው ዘፈን ደግሞ ሽሽታውን ይዞ የመጣው ከካሴቱ ነው። እሱን ለማጥፋት ቴፕ መቀየር ከንቱ ወጪ ነው።

የድምፅ መጠን ማስተካከያው ሁለት ቦታ መኖሩም ብዙ ሰው ያሳስታል። ስልኩ ላይ ግማሽ አድርጎ ቴፑን እስከ ጫፍ የሚከፍት ሰው ደካማ ድምፅ ልኮ ቴፑ እንዲያጎላው ያዝዛል፤ ቴፑም ዘፈኑን ከነሽሽታው ያጎላዋል። ትክክለኛው መንገድ ስልኩን ወደ ጫፉ አስጠግቶ የቀረውን በቴፑ ማስተካከል ነው። ቀደም ብላ የተነሳችው የኤፍኤም ማሰራጫ ግን በዚህ ሕግ አትገዛም፤ ለእርሷ ስልኩ እስከ ጫፍ ከተከፈተ ሞገዷ ከተመደበለት ስፋት ይፈስና ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሦስት አራተኛው አካባቢ ይበቃታል። አንዳንዱ ስልክና ቴፕ ደግሞ አንዱ የአንዱን መጠን ለመቆጣጠር ሲሞክሩ ይጣላሉ፤ ድምፁ አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይጮኻል። በአንድሮይድ የገንቢዎች ገጽ ውስጥ «አብሶሉት ቮልዩም»ን የሚያጠፋው ቁልፍ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ስልኩ ላይም ቴፑ ላይም ባስ አብዝቶ የሚያበራ ሰው ካለ አንዱን ያጥፋ። ሁለቱ ሲደመሩ ከበሮው ከስፒከሩ አቅም ያልፋል፣ ከዚያ ስፒከሩ እውነትም ይበጠሳል።

መቆራረጡስ? እሱ ከመጭመቂያ ሳይሆን ከአየሩ የሚመጣ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ዋይፋይም፣ የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭም እዚያው ናቸው። በዚህ ግርግር ውስጥ ለመትረፍ ክልሉን በ79 ጠባብ መስመሮች ከፍሎ በሴኮንድ እስከ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ከመስመር መስመር የመዝለል ሐሳብ ከሙዚቃ ጋር አሮጌ ዝምድና አለው። የሆሊውድ ተዋናይት ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል እ.ኤ.አ. በ1942 ጠላት የቶርፒዶን የሬዲዮ መምሪያ እንዳያውክ የሚያደርግ የፈጠራ መብት አግኝተው ነበር። ሞገዱን የሚያዘልለው በራሱ እንደሚጫወት ፒያኖ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ነበር፤ የታሰቡት መስመሮችም 88 ነበሩ፣ እንደ ፒያኖ ቁልፎች። ብሉቱዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን የተጀመረ የሌሎች መሐንዲሶች ሥራ ነው፤ ዘዴው ግን ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያሉት ብሉቱዞች የተጨናነቀ መስመር እያዩ ይዘሉታል።

ቢሆንም የሚያሸንፉት ነገሮች አሉ። አንዱ የሰው ገላ ነው። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይመጥጣል፤ ስልኩን የኋላ ኪሱ አድርጎ የተቀመጠበት ሹፌር በራሱ ገላ ግንብ ሠርቷል። ዳሽቦርዱ ላይ ሲቀመጥ የሚጠፋ መቆራረጥ ይህ ነው። ሌላው የገዛ ስልኩ ነው። ለተሳፋሪ ሆትስፖት በ2.4 ላይ ከፍቶ፣ ሰዓቱንም አገናኝቶ፣ በዚያው አንቴና ሙዚቃ የሚልክ ስልክ ጊዜውን ለሦስት ያካፍላል። ዋይፋይ ያለው የፊት መስተዋት ካሜራም፣ በደንብ ያልተሸፈነ የዩኤስቢ 3 ገመድም እዚሁ ክልል ላይ ይረብሻሉ። ባትሪ ቆጣቢው ደግሞ ስክሪኑ ሲጠፋ መተግበሪያውን ያንቀላፋዋል፤ ይህን ለመለየት ስክሪኑን አብርቶ መሞከር ይበቃል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ግንኙነቱን ከስልኩም ከቴፑም ሰርዞ፣ የሞላውን የቴፑን ዝርዝር አራግፎ፣ እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል።

አንድ ድምፅ ቀርቷል፤ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚጮኸው፣ ሲለቀቅ የሚወርደው ፉጨት። እሱ ብሉቱዝ አይደለም። ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ተነስቶ በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል የሚገባ ነው። በተለይ ስልኩ ከሲጋራ ማቀጣጠያው እየተሞላ በአክስ ገመድ ከተያያዘ፣ ወይም ብሉቱዝ መቀበያዋ ከዚያው እየተመገበች በገመድ ወደ ቴፑ ከገባች፣ መሬት መስመሩ ክብ ይሠራና ፉጨቱ ይገባል። ቻርጀሩ ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ምስክር ተገኘ። ከገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ ማጣሪያ ይሸጣል፤ አምፕሊፋየር የተጨመረበት መኪና ላይ ከሆነ ግን የመሬት ሽቦው ቀለም ሳይፋቅ ታስሮ እንዳይሆን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይየው።

መሻሻል እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተዋወቀው ኤልሲ3 የሚባል መጭመቂያ ከኤስቢሲ ባነሰ ቢት የተሻለ ድምፅ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። አይፎንን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኘው ገመድ አልባ ካርፕሌይም ሙዚቃውን የሚልከው በዋይፋይ ስለሆነ በብሉቱዙ ጠባብ በር አያልፍም። አሁን መንገድ ላይ ላለው መኪና ግን ከሁሉም የሚረክሰውና የማይቆራረጠው አሁንም ፍላሹ ነው። ይህን ቅንብር ሁሉ ለመነካካት የተነሳ አንባቢም መኪናውን ጥግ ያስይዝ፤ ሰባት ጊዜ የሚነካውን ቁልፍ እየነዱ መነካካት አይሞከርም።